ባዳ

የካቲት ነው፤ ባሕሩ ጥርስ አውጥቶ ያድራል፣
የጄጁን ጥቁር ዓለት ጠርዝ ጠርዙን ይሰብራል።
ቡ ማልሱን በወገቧ እርሳሷን ታጥቃ፣
መነጽሯን በጭቁኝ ቅጠል አሽታ አድርቃ፣
አንድ ትንፋሽ ሳበች፣
እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ጠለቀች።

እኔ ላይ ቀርቼ ተንሳፋፊዋን ይዤ፣
እቆጥራለሁ፤ አንድ… ሁለት… በቅዝቃዜ ደንዝዤ።
ሃምሳ ላይ አልወጣች። ሰባ ላይም የለች።
ሰማንያ ስል አረፋ ፈላ፣ ብቅ አለች፤
ከእኔ ወዲያ፣ ርቃ፣ ባልጠበቅሁት በኩል፣
ዓይኗ ግራና ቀኝ እንደ እንዝርት ሲዋልል።
የወትሮውን ፉጨት፣ ያንን የትንፋሽ ዜማ፣
አላፏጨችም፤ አስመለሳት ይልቁንማ።

«ቾንሺም፣» አለች፣ «ባሕሩ ተገለበጠ፣
ላዩ ታች ሆነ፣ ታቹም ላይ ሆኖ አፈጠጠ።
ወደ ሰማይ ብዬ ስቀዝፍ፣ ስቀዝፍ፣
አሸዋ ነካሁ በእጄ መዳፍ።
ያወጣኝ አረፋ ነው፤ ከአፌ ለቅቄ
ወዴት እንደሚሄድ አየሁት ተጠንቅቄ።
አረፋ አይዋሽም።»

በማግስቱ ሶግዊፖ፣ ከጆሮ ሐኪም ጓዳ፣
ጨው ጨው እየሸተትን፣ ለወንበሩ እንግዳ።
ልጁ (የልጄ እኩያ ነው) የፕላስቲክ ጆሮ አንሥቶ
አሳየን ቀንድ አውጣውን በጣቱ ከፍቶ።
«ከዚህ ጀርባ» አለ፣ «ሦስት ቀለበት አለ፣
እያንዳንዱ በየፊናው የተከለለ።
አንዱ ለእሺታ ነው፣ አንዱ ለእምቢታ፣
አንዱ ራስ ወደ ትከሻ ሲያዘነብል ለማታ።
ውስጣቸው ውሃ አለ፤ አንገት ሲዞር፣
ውሃው ዳተኛ ነው፣ ኋላ ይላል ልቅር፤
ሲቀር ጸጉር ያጎብጣል፣ እንደ ባሕር ሣር፤
የጎበጠችው ጸጉር ለአንጎል ትልካለች፣
‹ዞረናል!› ትላለች።

የእርስዎ ታምቡር ተቀዷል፤ በዚያ ቀዳዳው
ቀዝቃዛ ባሕር ገብቶ ነካ ግድግዳው፤
የውስጡ ውሃ በረደ፣ ከበደ፣ ፈሰሰ፤
እርስዎ ቀጥ እንዳሉ፣ ጆሮ ‹ዞርሽ› ብሎ ከሰሰ።»

ማልሱን ዝም አለች። ቆይታ ሳቀችበት፦
«ባሕር ውስጥ ሌላ ባሕር፣ ማን አስቀመጠበት?
ስልሳ ሰባት ዓመት ይዤው ዞርኩ፣ ሳላውቅ ያለበት!»
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል
ለሐሜት ብቻ ነበር የመሰለኝ። ለካስ ይኼንንም ይላል።

እስኪደፈን ድረስ ባሕር ተከለከለች።
ስንመለስ፣ በድንጋዩ አጥር ጥግ፣ ክንዴን ይዛ፣
ምድርን ትረግጣለች፣ አዲስ ጫማ እንደገዛ።
እኔም ለካ ስቆም፣ ሳጎነብስ፣ ስነሣ፣
ስንት ጊዜ ይዛኛለች ያቺ ጠብታ፣ ሳትረሳ።

ማክሰኞ ብቻዬን ወረድኩ። ከታች ዓይኔን ጨፈንኩ፤
ላዩ የት ነው? ብዬ ውስጠኛዬን ጠየቅኩ።
«እዚያ» አለኝ፤ አወቅሁ።
አወቅሁ፤ ቢሆንም አንድ አረፋ ለቀቅሁ፣
ዓይኔን ገልጬ ተከተልኩት።

ከዓለቱ ላይ ማልሱን፣ ብርድ ልብስ ደርባ፣
ትቆጥራለች ጮክ ብላ፦ «ስልሳ ዘጠኝ… ሰባ…»