ውሃ ልክ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያ በታች፣
ሰኔ ሊገባ ሲል አያልነሽ መጣች።
ጃንጥላዋን አጥፋ ስልኳን አወጣች፤
"እንዲህ ያለ አልጋ ሥራልኝ" አለች።

አየሁት፤ የጃፓን ነው፤ እግር የለው፣ ቁመት የለው፣
ወለል ላይ የተኛ ጣውላ ብቻ ነው።
ሳቄ አመለጠኝ። "እትዬ፣ ይኼማ መደብ ነው!
እኔ መጋዝ የጨበጥኩት
ሰውን ከመደብ ላይ ላነሣ ነው።"

አልሳቀችም። ጉልበቷን በእጇ ዳሰሰች፤
ከረጅሙ አልጋዋ ባለፈው ወድቃለች።
ደግሞ ድምጿን ቀንሳ፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው፣
"ሌላም አለብኝ" አለች፣ "ቃር ነው።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ደረቴን ገምሶ
ኮምጣጤው ይወጣል ጉሮሮዬን ልሶ።
ሦስት ትራስ ደረብኩ፤ ሆዴ ታጠፈና ይብስ ተጨነቀ፣
አንገቴ ቀና አለ እንጂ ቃሩ መቼ ራቀ?
ሐኪሙስ ያለኝ፣ ትራሱ ሳይሆን አልጋው ራሱ ይነሣ፣
ከራስጌ በኩል፣ ስድስት ጣት ያህል፤ አደራ እንዳትረሳ።"

ለሌላ ሰው ቢሆን መላው አይቸግርም ነበር፤
ሁለት ብሎኬት ነው፣ ከራስጌው እግር ሥር።
እግር የሌለውን አልጋ በምኑ ላንሣው?
"ዝቅም በል፣ ከፍም በል" ብዬ እንዴት ልዘዘው?

በሲሚንቶ ወረቀት ጀርባ፣ በእርሳስ ቁራጭ፣
ስሥል ሳጠፋ አመሸሁ። መብራት ሄደ። በሻማ ቀጠልኩ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕጌ ውሃ ልክ ነበር።
በር፣ ቁምሳጥን፣ የሬሳ ሣጥን እንኳ ሳይቀር፣
አረፋዋ ከሁለቱ መስመር መሀል ካልቆመች
አንዲት ዕቃ ከዚህ ቤት አልወጣች።

አሁን ሆን ብዬ ላጣምም።

እንደ ሽብልቅ አሾልኩት የዋንዛውን ጎን፤
ከራስጌው ዐሥር ጣት፣ ከግርጌው አራት እንዲሆን።
ፍራሹ በክረምት እንዳይሻግት፣ በርብራቡ መሀል
ጣት ጣት ክፍተት ተውኩ፤ ነፋስ ያልፍበታል።
ከግርጌም ከንፈር ሠራሁ፣ ሌሊት ቁልቁል እንዳትሄድ፣
ፍራሹም እንዳይሰደድ።

"ጋሼ፣ ጠሟል" አለኝ ሙሉሰው፣ ውሃ ልኩን ጥዶ።
"መጥመም አለበት" አልኩት።
ልጁ ዝም አለ። እርጅና መሰለው።

እሱ ሲሄድልኝ በሩን ገርበብ አርጌ
በግራ ጎኔ ተጋደምኩ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ።
ፍራሽ የለ፤ ሰጋቱራ አንገቴ ውስጥ ገባ።
ገላዬ ቁልቁል ሳብ ሲል
አወቅሁት።
ይህን ዳገት አውቀዋለሁ።

ደንበጫ፣ በየመስከረሙ፣ እናቴ
ጭቃ ከጭድ አቡክታ መደቧን ትለስናለች፤
ከራስጌው በኩል ትደርባለች፣ ትደርባለች።
ከጎኗ እተኛና
ግርጌ ነበር የምነቃው፣ እንደ ድንች ተንከባልዬ።
"ይህች ሴት መለሰን አታውቅም" ይላል አባቴ፤
እኔም አመንኩት።
በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁት ዕቃ ውሃ ልክ ነበር።

ሌሊት ተነሥታ፣ በጨለማ ተልባ በጥብጣ ስትጠጣ፣
ርቧት ነው እል ነበር።
ማን ጠየቃት?

ሐኪም አልነገራት፤ ሥዕል አላየች፤
በመዳፏ ለካች።

ቅዳሜ፣ ላስቲክ አልብሰን፣ በጋሪ ወሰድነው።
ጎረቤቷ ከደጅ ብቅ አለችና "ጠሟል እኮ!" አለች።
አያልነሽ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች፣
ጣራውን እያየች ምራቋን ዋጠች፣
ጠበቀች።
ውሃ ልኩን ከጎኗ አኖርኩት፤
አረፋዋ ወደ ራስጌ ሸሸች።

ደረሰኙን ጣውላ፣ ሚስማር፣ ቫርኒሽ፣ የእጅ ብዬ ሞላሁኝ፤
"ንድፍ" ከሚለው ትይዩ ያለውን ባዶ ተውኩኝ።