ጭጋጉን የት አደረግሽው?

በቤርገን ወደብ ዳር፣ ከዓሣ መጋዘኑ በላይ፣
ዝናብ መስኮት ሲቆረቁር፣ ሰባቱም ተራራ ሳይታይ፣
ቶርቢየርግ ሁለት ስክሪን አብርታ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች፤
የአርባ ሰከንድ ፊልም አለባት፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ረስታለች።

ሥራው የስንብት ነው፤ «ስካርቨን» የተባለች ጀልባ
ሠላሳ አንድ ዓመት ከደሴት ደሴት ስትወጣ ስትገባ፣
ሰውና መኪና ስታመላልስ፣ በመጨረሻ ሞተሯ ደከመ፤
በባትሪ የሚሄድ ተተኪዋ ከጎኗ መጥቶ ቆመ።

ምስሉ ከየቤቱ የተለቀመ ነው። አንዱ ከካሴት ሲገለበጥ
ብርድ እንደያዘው ሰው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚንቀጠቀጥ፤
አንዱ ከስልክ፣ ግማሹን የአንሺው አውራ ጣት የጋረደው፤
አንዱ ከድሮን፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ነገር የማይገደው።
ቢጫው ከሰማያዊው፣ ሰማያዊው ከአመዳዩ አይነጋገርም፤
እያንዳንዱን ለየብቻ ብታክመው ሌሊቱ አይበቃም።

ስለዚህ ከሁሉም በላይ አንዲት ማስተካከያ ንብር ዘረጋች።

ምስል የላትም ይህቺ ንብር። ድምፅ የላትም። ጥላ አትጥልም።
ከሥሯ ያለው ቢነሣ ባዶ ናት፤ ብቻዋን አትኖርም።
መነጽር እንዳልላት፣ መነጽር አፍንጫ ላይ ይከብዳል፤
ዳኛ እንዳልላት፣ ዳኛ ስም አለው፣ መዝገብ ላይ ይፈርማል።
እሷ ግን ያለ ስም፣ ያለ ፊርማ፣ ከእግሯ በታች ያለውን ሁሉ
ትነካለች፤ ከራሷ በላይ ላለው ግን እጇ ሽባ ነው በሙሉ።

የጀልባ ድርጅቱን አርማ ስለዚህ ከላይ ሰቀለችው፣
ቀዩ ቀይ ሆኖ እንዲቀር። ከዚያ ጥላውን በጥቂቱ አነሣችው፣
ንፅፅሩን ጎተተች፣ ድፍነቱን ወደ ስድሳ አወረደች፣
የአምስት ካሜራ ባሕር አንድ ባሕር ሲሆን አየች፣
ብቻዋን ሣቀች።

የገበያው ኃላፊ ኦድቫር መልእክት ላከ፦ «ግራጫው በዛ።
ፀሐይ ስጪልን፤ ስንብት እንጂ ለቅሶ አይደለም» አለ በዋዛ።
ፀሐይ ሰጠችው። ጭጋጉን ገፍፋ ሙቀት ብትጨምር ሰማዩ ፈካ፤
የመርከበኞቹ ፊት ግን የካሮት መልክ ይዟል ለካ።
በማስክ ከለለቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ ጠርዙን አላልታ።
ጨለማው የእነሱ ኅዳር በጋ መሰለ።

በማግሥቱ አይለርት መጣ፣ የድሮው ገመድ ጣይ፣ የስም ዝርዝሩን ሊያርም፤
ባርኔጣው ያንጠባጥባል፣ ወንበር ብትስብለትም አልተቀመጠም።
አሥራ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤
«ይቺን አቁሚያት» አለ። የጣቱ እርጥበት መስታወቱ ላይ ተጻፈ።

«ይህ ሄልገ ነው። ከዚህ በኋላ ሩብ ሰዓት አልኖረም።
መሪው ክፍል ሆነን ሲጮኽ ሰማነው፤ አላየነውም።
ዳሩ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋን። የገዛ እጃችንን አናይም ነበር።
አንቺ ልጅ፣» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣
«ጭጋጉን የት አደረግሽው?»

መልስ አልሰጠችውም። ከንብሯ ጎን ያለችውን ትንሽ ዓይን ተጫነች።
ዓይኗ ተከደነች።
ጭጋጉ መጣ። ከየትም አልመጣ፣ እዚያው ነበር፣
ከፀሐዩ ሥር ተኝቶ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድልበት፣ ሳይሰበር።
አይለርት ባርኔጣውን አወለቀ።
ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አልጠረገውም።

ከሄደ በኋላ ንብሯን በምላጭ ሁለት ቦታ ቀደደች፤
ሦስት ሰከንድ ያለ ፀሐይ፣ ያለ ማስክ፣ ያለ ዕርቅ ለቀቀች።
ግራና ቀኙ በጋ ነው። መካከሉ አመድ የለበሰ ባሕር፣
ገመድ የያዘ አንድ ጀርባ።

ኦድቫር ጻፈ፦ «አሥራ ሰባት ላይ ስሕተት አለ። አመለጠሽ?»
«አላመለጠኝም» ብላ መለሰች፣ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች።

ፊልሙ ሲወጣ አረንጓዴው መስመር በዝግታ ተጓዘ፣
እያንዳንዱን ፀሐይ እያሰላ፣ እየቆመ፣ እየተጨነቀ፤
አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ግን ፈጠነ፤
የሚያሰላው ነገር አልነበረውምና።