ከተሰላፊዎቹ ስም በታች

ፋሮ ደሴት ዳር ላይ፣ ሜዳው ባሕር ታኮ፣
ነፋሱ ኳስ ነጥቆ፣ ለማዕበል ልኮ፣
ይስቃል።

ማርዩን ዘጠኝ ዓመቷ፤ ስትመታ ትስታለች፣
ስትሮጥ በጫማዋ ክር ተጠልፋ ትወድቃለች።
የተቀያሪ ወንበር፣ የረጠበ ጣውላ፣
እዚያ ነው ቦታዋ፣ ከሁሉ በኋላ።

አንድ ቅዳሜ ግን፣ ኳስ ባሕር ሲገባ፣
የአጎቷን ታንኳ ፈታ፣ ቀዘፈች ሳትባባ።

አሁን ከጣውላው ላይ ነፋሱን ታነባለች፣
ውሃው ሲሸበሸብ እጇን ታነሳለች፤
ቀይ ጓንቷ ከፍ ሲል “አሁን”፣ ዝቅ ሲል “ቆይ” ይላል፤
በረኛው ሄይኒ እንኳን ሳይለጋ እሷን ያያል።

ሦስት ለሁለት ተረቱ።
ማታ ግን አሠልጣኝ ዮግቫን፣
ከአሥራ አንዱ ስም በታች በእርሳስ ጻፈ፦
“ነፋስ — ማርዩን።”