መትፊያው

ሐሙስ አስተማሪው ታመመ፣ ሥልጠናው ተዘጋ፤
አስተርጓሚያችን ትርንጎ መጣች፣ ገና ሳይነጋ።
«ዚክሮን ያዕቆብ» አለች፣ «የወይኑን አገር እንይ፤
ከቀርሜሎስ ጀርባ ላይ ባሕሩ ሲታይ።»
ቦርሳዬን ከፍታ አየች፦ «ምንድን ነው የያዝከው?»
«አራት ድንች» አልኳት፣ «ማታ የቀቀልኩት ነው።»

እንዲህ ነኝ እኔ።
ወጥ ከወጥ ተነካክቶ ካየሁ የሚያንገሸግሸኝ፣
አንዲት የሽንኩርት ክር ከገበታ የምታስነሣኝ፣
ከእንቁላል ነጩን፣ ከዳቦ ልቡን ብቻ የምወድ፣
ድግስ ከጠሩኝ ቤቴ በልቼ የምሄድ።

እናቴ አመልማል ስታጎርሰኝ እተፋለሁ።
«እህል ይተፋል ወይ? ነውር!» ትላለች፤
ትላለች እንጂ፣ መዳፏን ግን
ከአገጬ ሥር ትዘረጋለች።

ጾም ሲገባ ብቻ ነበር አንገቴን ቀና የማደርግ፤
ያኔ «ለምን አትበላም?» ብሎ ማንም ነገር አይፈልግ።

ዚክሮን፦ ቀይ ጣራ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣
ድመት ከወይን ሐረግ ሥር፣ ጎብኚ ሲወጣ ሲወርድ።
«ያ የውኃ ማማው ነው» አለች ትርንጎ፣ «ይሄ ምኩራቡ።
መሥራቾቹ በመርከብ መጡ፤ ወባ ጨረሳቸው፣ ተራቡ።»
«እናንተስ?»
«እኛማ በእግር። እኔ በእናቴ ጀርባ፣ በሱዳን።»
«ምን በላችሁ?»
«የተገኘውን።»
አቀረቀርኩ። በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ሳቀች፤
«አንተማ ገዳሪፍ ሳትደርስ…» ብላ ነገሩን ተወች።

ምሳ ሰዓት። አስተናጋጁ ጠረጴዛውን በሳህን ሞላ፦
ሁሙስ፣ ዘይት የተኛበት፤ ደበርጃን፣ እሳት የበላው ጥቁር ገላ፤
ወይራ፣ አይብ፣ የኮመጠጠ ካሮት፣ ስሙን የማላውቀው ቅጠል፤
ሁሉም እርስ በርሱ ተጠጋግቶ፣ ሁሉም ሊነካካ ሲል።
«ጾመኛ ነኝ» አልኩ ፈጥኜ።
«ፍልሰታ ከተፈታ ስንት ቀኑ!» አለች።
«ደግሞስ ሽምብራና ሰሊጥ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ጾም አለ?»
ከጠረጴዛው ሥር ድንቼን ስልጥ አስተናጋጁ አየኝ፤
አንድም ቃል ሳይናገር ጨው አምጥቶ አቀበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወረድን፣ ደረጃ ከደረጃ በታች፤
ጓዳው ብርድ ነው፣ በርሜሎቹ እንደ ጋጣ ከብቶች
ሆዳቸውን ነፍተው ተኝተዋል።
ጠማቂው ኦዴድ፣ ጺሙ የወይን ጠጅ የነካው፣
ለየሰዉ ብርጭቆ ቀዳ፤ አሽተተና እንዲህ አለው፦
«ቆዳ አለበት። እንጉዳይ። ዝናብ የመታው አፈር።»
ትርንጎ ስትተረጉም ሆዴ ቀድሞ ሊበር!
ቆዳ ነው የምጠጣው? አፈር ነው የምቀምሰው?
ልወጣ ዘወር ስል ነው ኦዴድ ያንን ቃል የተነፈሰው፦
«አሁን ጎንጩት፣ በምላሳችሁ አንከባልሉት፤
ከዚያ» አለ፣ ወደ ብሩ ባልዲ እያሳየ፣ «ትፉት።»

ትፉት!
አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ፣ ከሞዝል ወንዝ ዳር የመጣ፣
ክራቫቱን በእጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤
ድምፁ እንኳ ሳይወጣ
ተፋ፤ አፉን በመሐረብ አበሰ፤
ማንም ነውር አላለው፤ ማንም አልተነፈሰ።

ተራዬ ደረሰ።
አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በድብቅ የሠራሁት ሙያ!
በቀጭን ክር ለቀቅሁት፣ አንዲት ጠብታ ሳልረጭ፣
ከባልዲው መሐል አረፈ።
ጀርመናዊው አጨበጨበ፤ ኦዴድ ዓይኑን አፈጠጠ፦
«የት ነው የተማርከው?»
«ከእናቴ እጅ» አልኩት።
«እናቱ ጠማቂ ነበረች?» ብሎ ትርንጎን ጠየቃት።
እኔን አየች፣ እሱን አየች፣
ሳትተረጉመው ቀረች።

ስንመለስ ፀሐይ ከባሕሩ ላይ እንደ ዝገት ቀልታለች።
የተፋሁት ተተፍቷል፤ አንድ ነገር ግን ከምላሴ ሥር
አልወጣ ብሎኛል፣ ቆዳም አይደል፣ አፈርም አይደል፤
ስም የለኝም። ስውጠው እንኳ አይሄድ።

ትርንጎ መሪውን በግራዋ ይዛ፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ፣
ቀኝ መዳፏን ወደ አገጬ ዘረጋች፤
ደነገጥኩ።
«ድንች ተርፎህ የለ? አንዱን» አለች።