እንትን

ጋሽ ምንይችል መጣ፣ ከጀልባው ላይ ወርዶ፣
ቀረሶ የሚሸት እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ሰዶ።
«የዓሣ መሸጫው ጣራ፣ ልጄ፣ እንትን ቢል ነው ደስ የሚለኝ፤
ወዲያ፣ ወደ ጣና… እንትን… ገባሽ?»
                                        ገባኝ።

መዳፉን ዘረጋ፣ ጣቱን ሰበር አድርጎ፣
ሊያርፍ እንዳለ ወፍ፣ ነፋሱን ፈልጎ፤
ከብርጭቆዬ ውኃ ጣቱን ነከረና
አንድ መሥመር ሳበ፣ ያልጸና ነው ገና።

ወደ ማሽኔ ዞርኩ።
«ጣራ» አልኩት።
          «ቁልቁለቱ ስንት ዲግሪ ነው?»
«ወደ ሐይቁ ዘንበል…»
          «ቁመት በሚሊሜትር ያስገቡ።»
«ቆይ፣ ገና ነው።»
          «ያስገቡት ዋጋ አይታወቅም።»
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፤
የቤት ቁጥር ሳይሰጡት የቀበሌ ጸሐፊ ብዕር አያነሣም።

እኔም ዋሸሁ።
ሦስት ሺህ ሁለት መቶ።
ከየት አመጣሁት? ከየትም።
ማሽኑ ግን አመነኝ፤ ግድግዳ አቆመ፣ ጥላ ጣለለት፣
ቆርቆሮ አለበሰው፣ ምስማር ሳይቀር መታለት።

ጋሽ ምንይችል ስክሪኑን አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ።
«አሃ… ለካ አልቋል» አለ፤ ድምፁ ከአጠገቤ ራቀ።
«እኔ ደግሞ ገና መስሎኝ…»
አላለቀም! ብለው ማን ሊሰማኝ፤ መሥመሩ ቀጥ ብሏል፤
ቀጥ ያለ ነገር ፊት እንትን ማለት ያሳፍራል።

አንተ ማሽን፣
ሲሚንቶው ስንት ኩንታል፣
ፀሐይ በሰኔ በየት በኩል እንደምትወጣ፣
ሁሉን ታውቃለህ፤ አንድ ቃል ቀረህ፣ ከዚህ ሰው አፍ የወጣ።
ስም ላልወጣለት ነገር ያበጀነው ስም ነው፣
በሁለት ሰው መሐል፣ እስኪበስል የምናቆየው።
«ምን አሰብሽ?» በለኝ እስቲ፣ «ስንት ነው?» አትበለኝ፤
እጄ ሲንቀጠቀጥ አታቃናው፣
አብረህ ተንቀጥቀጥልኝ።

ሰውየው ሄደ። መረብ አሰጣለሁ ብሎ።
በመስኮቱ አየሁት፣ በሽምብጥ መንገድ፣ ኮፍያውን በእጁ አንጠልጥሎ።

ዞር ስል፣ ጠረጴዛው ላይ
የሣላት ጣራ በአንድ ወገን ደርቃለች፤
በሐይቁ በኩል ያለችው ጫፏ ግን
ገና እርጥብ ናት።

ስክሪኑን አጠፋሁ።
ብርጭቆውን ሳብ አደረግሁ፣
ጣቴን ነከርኩ።