ደረስን?

ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኤድመንተን፤
ጸዳል የበረዶ ቦቲዋን እንዳደረገች ሚዛኑን
ወጣችበትና ጮኸች፦ «አየህ አባ? አሥራ ዘጠኝ!»
«ቦቲሽን አውልቂ።»
«የኔ እኮ ነው! ከእግሬ ጋር ነው የሚገኝ።»

አወለቀች። ቁጥሩ ወረደ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ፤
አሥራ ስምንት ነጥብ ሁለት። የኔ ሙግት እዚያው ከሰመ።

«ሞላ በቃ! አሁን እንደ ናሆም፣ ከፍ የሚያደርገው ወንበር፣
እንደ ትልቅ ሰው አንድ ቀበቶ፣ ያለዚህ ሁሉ እስር!»
ናሆም የአጎቷ ልጅ ነው፤ ሰባት ዓመቱ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
በዚያ ቡስተር ላይ፣ ሹመት እንደጸናለት ሰው፣ ዓመት ሙሉ የተመጻደቀ።

እኔ ግን የወንበሯን መመሪያ፣ ያቺን የታጠፈች ወረቀት፣
አበዳሪ የላከው ውል ይመስል፣ መነጽር አድርጌ አነበብኳት።
«ኪሎው ብቻ አይበቃም» ትላለች። የትከሻ ልክም አላት፦
የላይኛውን ቀዳዳ ሲያልፍ። በጣቴ ለካሁላት፤
ሁለት ጣት ይቀራል ገና። ከዚያ ደግሞ፣ በደቃቅ ፊደል፦
ልጁ መንገዱን ሙሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከቻለ።

ለዚህ የሚሆን ሚዛን እኛ ቤት የለም።

ሙግቷ አላልቅ ቢል፣ የናሆምን ትርፍ ቡስተር ተውሼ መጣሁ፤
ይዣት ከሕንጻው ሥር ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ወረድሁ።
ሞተሩ እንደጠፋ ሰዓት ሞላሁ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ፣
እስከ መዋኛው ያለው መንገድ። «በሐሳብ እንነዳለን፣ በቃ።»

በአራተኛው ደቂቃ ጓንቷ ወደቀ፤ ጎንበስ አለች ልትለቅም።
በስድስተኛው ቀበቶውን በብብቷ ሥር ሸጎጠች፤ «እንዲህ ሲሆን አያሳክከኝም።»
በዘጠነኛው ተንሸራተተች፣ እግሯ የፊቱን ወንበር ፍለጋ፤
ታፋዋ ላይ የነበረው ቀበቶ ወደ ሆዷ እየተጠጋ።
በአሥራ አራተኛው ዝም አለች።
ዞሬ አየሁ። አንገቷ ወደ በሩ ዘንበል ብሎ፣
ቀበቶው ጉሮሮዋን ታክኮ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ።
እዚህ አገር ሜዳው ሁሉ ስንዴ ነው፤ በበጋ አይቼዋለሁ፤
ስንዴ ሲደርስ ያጎነብሳል፤
ልጅ ሲደርስ ነው ቀጥ የሚለው።

«ደረስን?» አለች ስትነቃ፣ ለሃጯን እየጠረገች።
«ገና ነን።»
ግድግዳውን፣ የቆመውን መሪ አየች፤ ገባት፤ እንባዋ መጣ።
አላባበልኳትም። ካፖርቷን አውልቄ
የድሮውን ማሰሪያ ደረቷ ላይ ሳጠብቅ
ወደ እኔ አላየችም። ምሳም ላይ አላየችኝም።

በረዶው ሄደ። ዝይዎቹ መጡ፤ ደግሞ ሊሄዱ ተሰለፉ።
የካፖርቷ እጅጌ አጠረ፤ ሁለቱ ጣቶች ሳናያቸው አለፉ፤
ትከሻዋ ቀዳዳውን በለጠ።
በመስከረም አንድ ማታ፣ ዋይትመድ ላይ መንገድ ተዘግቶ፣
ከአንድ የጠጠር መኪና ኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን፣
በመስታወቱ አየኋት፤ አልተኛች፤ ጀርባዋ ወንበሩን እንደያዘ።
«አባ፣ ቀበቶህ ትከሻህ ላይ ተጣሟል፤ አስተካክለው» አለችኝ።
እውነቷን ነበር።

አሮጌውን ወንበር ያን ቅዳሜ ነቀልኩት። ሥሩ፦
የደረቀ ዘቢብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሃያ አምስት ሳንቲም፣
ያቺ የየካቲት ጓንት፣ ነጠላዋን።
መቀመጫው ላይ አራት ጉድጓድ፤ ዓመታት የተኛ ነገር አሻራ።
መጥረጊያው አላነሣውም። እኔም ብዙ አልሞከርኩ።

አዲሱ ላይ ወጣች። ቀበቶው ታፋዋን ይዞ፣
በትከሻዋ መሐል አለፈ፣ ከአንገቷ ርቆ።
እንደ ልማዴ ላስራት ጎንበስ ስል፦

ጠቅ።

ቀድማኝ ነበር። እጄ አየር ላይ ቀረ፤
የበሩን እጀታ ያዝኩበት፤ ምን ላድርግበት።

መዋኛው በር ላይ ቆመን፣ ሳልወርድ ዝም ብዬ ብቆይ፣
«አባ» አለችኝ ከኋላ፣
«ደርሰናል እኮ። ሞተሩን አጥፋ።»