አንድ ለአንድ

ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ አንድ ምድጃ፣ አንድ መስኮት፤
ተማሪዋም አንዲት ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ኢሳውራ ነው ስም ያወጡላት።
የቀሩት አሥራ አንድ ወንበሮች ናቸው፤ እርጥበት ብቻ ይቀመጥባቸዋል፤
የሄዱት ልጆች ስም በቢላ ተፈልፍሎ፣ ጣት ሲዳብሰው ዛሬም ያውቀዋል።

ማለዳ ስም እጠራለሁ። ደንብ ነው። "ኢሳውራ ቺጉዋይ!"
"አለሁ" ትልና ዞር ትላለች፣ ሌላ የሚመልስ እንዳለ ልታይ።

ከሳንቲያጎ የመጣው መጽሐፍ "በአራት በአራት ሆናችሁ ተወያዩ" ይላል፤
አራት ከየት ይመጣል?
እሷ ግራ ወንበር ላይ ሐሳብ ታቀርባለች፣ ቀኝ ተሻግራ ትቃወማለች፣
መሐል ቆማ ታስታርቃለች፤
አራተኛው ላይ ስትቀመጥ ዝም ነው።
"አስተማሪ፣ ይኼኛው ዓይናፋር ነው፤ አትጠይቂው፤
ነገ ይናገር ይሆናል፣ ዛሬን ዝም ብለሽ እለፊው።"

ምዕራፍ ሦስት ስለ ምርጫ ነው፦ ድምፅ፣ ኮሮጆ፣ ቆጠራ።
የጫማ ካርቶን ሰነጠቅን፣ ወረቀት አጠፍን ተራ በተራ።
ጥያቄው፦ በትምህርት ሰዓት መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?
እሷ ባሕሩን መስማት ትሻለች፤
እኔን ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል የሐምሌ ነፋስ አለንጋ።
ካርቶኑ ሲከፈት፦ አንድ ለአንድ።
ደገምን።
አንድ ለአንድ።
"እኔ ትልቅ ነኝ" ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤
ዋጥኩት። ይህን ብል፣ ምዕራፍ ሦስትን ከነነፍሱ ልቀብር!

ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛ ሰው ሐሙስ ነው የሚመጣ፣
ዶን ኤርሞሄነስ፣ ዱቄትና ደብዳቤ ጭኖ፣ ያውም ባሕሩ ካልተቆጣ።
ሦስት ቀን ጠበቅን፤ መስኮቱ ገርበብ ብሎ ቆየ።
ሐሙስ ቦቲው ውሃ እያንጠባጠበ ገባ፣ ነገሩን ሰማ፣ እሷንም እኔንም አየ፤
"መስኮቱ ይከፈት" አለ፣ "አስተማሪዋ ግን ካፖርቴን ትልበስ፣
እስከ ሌላው ሐሙስ፣ እስክመለስ።"
በመጽሐፉ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም። ቆጠርነው።
ያን ክረምት ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩ አስተማርኩ።

ምዕራፍ አምስት፦ "ማኅበረሰብ ምንድን ነው?"
መጽሐፉ አሥራ አንድ ቃል ሰጠን፤ ሸመደድን፤ ነጋ፤ ረሳነው።
"ቤት ሲጎተት ነው" አለችኝ።
እዚህ አገር ሰው ሲለቅ ቤቱን ጥሎ አይሄድም፤ ከነጣሪያው ያስነሣዋል፤
ጎረቤት በደቦ ተጠራርቶ፣ በሬ ጠምዶ፣ በግንድ እያንከባለለ ባሕር ያወርደዋል፤
"ሚንጋ" ይሉታል። ባለቤቱ ድንችና ሥጋ ያበላል፤ ሒሳብ የለም፣ ደሞዝ የለም፤
በአጥር የተኳረፉ ሁለቱ አንድ ገመድ ይይዛሉ፤ ያን ቀን የአጥር ነገር አይነሣም።

"ሲጎተት" አለች ደግማ፣ "አሁን ተራው የኛ ነው፤
አባቴ ቀን ቆርጧል፣ በየካቲት፣ ማዕበሉ ሲረጋ፣ ወደ ትልቁ ደሴት ነው።"
ጠመኔው እጄ ላይ ነበር፤ ምን ልጽፍ እንደነበር አላስታውስም።
በአንዲት ልጅ ልክ የሰፋሁት ትምህርት፣ ለሌላ ትከሻ አይሆንም።

የካቲት ሲብት እኔም ወረድኩ፣ ጉልበቴን በጨርቅ አስሬ፤
ገመዱን ያዝኩ ከዶን ኤርሞሄነስ ኋላ፣ ከቀዩ በሬ ጎን ተሰድሬ።
ቤቱ ሲነቃነቅ አጥንቱ ጮኸ፤ ድመቷ በመስኮት ዘለለች፤
ኢሳውራ ከፊት ከፊት እየሮጠች ጎታቹን ሁሉ ትቆጥራለች፤
"አርባ ሦስት፣ አስተማሪ! አርባ ሦስት ለዜሮ!"

ቤቱ ከጀልባዎች ታስሮ ተንሳፈፈ፤ ራቀ።
መስኮቱ ክፍት ነበር።

ቁልፉን ላስረክብ የሄድኩ ዕለት ስም አልጠራሁም።
አራተኛው ወንበር አጠገብ ግን ትንሽ ቆምኩ፤
ምናልባት ዓይናፋሩ ዛሬ
ይናገር እንደሁ።